መሪና ተመሪ፦ ዲጂታል ፒያኖና ድራም ማሽን በአንድ ገመድ

የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ የሰው ልጅ የሥራ ውጤት ነው። ከበሮውን በጠፍር የወጠረው፣ ማሲንቆውን በጭራ ያበጀው፣ የፒያኖን መዶሻ ከብረት አውታር ጋር ያገናኘውና በቅርቡ ዘመን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ገጣጥሞ ድምፅ ያሰማው እጅ በመሠረቱ የፈጸሙት ተግባር አንድ ነው፤ ይኸውም ግዑዙን ነገር ለሰው ስሜት አገልጋይ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው እየተራቀቀ በሄደ መጠን አገልጋይና ተገልጋይ ቦታ የሚለዋወጡበት አደጋ አብሮ ይከተላል። ይህ አደጋ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ዲጂታል ፒያኖና ድራም ማሽን በአንድ ቀጭን ገመድ ተያይዘው፣ አንድ ሰው ብቻውን የአንድ ባንድ ያህል ድምፅ የሚያሰማበት መድረክ ነው።

በዚህ ጉዳይ በሙዚቃ ባለሙያዎችና በመምህራን ዘንድ ሁለት ተቃራኒ አመለካከቶች ይደመጣሉ። አንደኛው ወገን «ማሽኑ ከበሮ መቺውን ከመድረክ አባረረ፤ ሙዚቃውን ነፍስ አሳጣው፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤትም ከኪነት ቡድንም ሊወገድ ይገባዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ «ፋብሪካው ያሰናዳው ሪትም ሁሉን አሟልቷል፤ ገመዱን መሰካትና ቁልፉን መጫን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መድከም ኋላ ቀርነት ነው» ባይ ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ እሳትና ውሃ የሚመስሉት እነዚህ አመለካከቶች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ሁለቱም በገመዱ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ አልመረመሩም። አንደኛው ያላወቀውን ይረግማል፤ ሌላው ያላወቀውን ያመልካል።

ትክክለኛው አቋም ግን ከእርግማንም ከአምልኮም የራቀ ነው። ሚዲ ተብሎ የሚጠራው ገመድ ትእዛዝ ያመላልሳል እንጂ ሙዚቃ አይሠራም። የትእዛዙን ቋንቋ ያጠና ከያኒ ማሽኑን ይመራል፤ ያላጠና ከያኒ በማሽኑ ይመራል። ክርክሩ ሁሉ የሚቋጨው በዚህ ነጥብ ላይ ስለሆነ ነገሩን ከምንጩ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የገመዱ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በየፋብሪካቸው ቋንቋ ብቻ ይናገሩ ነበር። የአንዱ ኩባንያ ኪቦርድ የሌላውን ኩባንያ መሣሪያ ማዘዝ አይችልም። ድራም ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩበት ስልት እንኳ የተለያየ ነበር፤ አንደኛው ፋብሪካ ሩብ ኖታን በ24 ሲከፍል፣ ሌላው በ48፣ ሌላው ደግሞ በ96 ይከፍል ነበር። በዚህም የተነሣ ከሁለት ፋብሪካ የተገዙ መሣሪያዎችን ለማስተባበር የፈለገ ሙዚቀኛ በመካከላቸው አስተርጓሚ የሚሆን ሌላ መሣሪያ ለመፈለግ ይገደድ ነበር፤ አለዚያም ሁሉንም ከአንድ ሻጭ እየገዛ የዚያ ሻጭ ጥገኛ ይሆናል።

ይህን ችግር ለማስወገድ የጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሌሎች አምራቾች የጋራ ቋንቋ እንዲፈጠር ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካው የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ኩባንያ መሥራች ዴቭ ስሚዝ ከባልደረባቸው ከቼት ዉድ ጋር ሆነው ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ የመጀመሪያውን ረቂቅ አቀረቡ። ያማሃ፣ ኮርግና ካዋይ የተባሉት ኩባንያዎችም በምክክሩ ተካፈሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1983 በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ በተካሄደው የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ትርዒት ላይ ፕሮፌት 600 የተባለው የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ኪቦርድና ጁፒተር 6 የተባለው የሮላንድ ኪቦርድ በገመድ ተያያዙ። የአንዱ ቁልፍ ሲነካ የሌላው ድምፅ ተሰማ። የስምምነቱ ሰነድም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ወጣ። ካኬሃሺና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚህ ሥራቸው የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተቀብለዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። በገበያ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ አምራቾች በአንድ ቋንቋ ተስማሙ፤ ያንንም ቋንቋ ማንም አምራች ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ለቀቁት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለተኛው የሚዲ ስምምነት ይፋ ሲሆን እንኳ የመጀመሪያው አልተሻረም፤ ዛሬም እ.ኤ.አ. በ1983 የተሠራ መሣሪያ በቅርቡ ከተሠራው ጋር በዚያው ቋንቋ ይግባባል። እንግዲህ «ገመዱ የባዕድ አዛዥ ነው» የሚለው ክስ መነሻ የለውም። ገመዱ ባለቤት የለውም። ፊደል የማንም እንዳልሆነና ጸሐፊው የፈለገውን እንደሚጽፍበት ሁሉ ሚዲም ባለሙያው የሚናገርበት የጋራ ፊደል ነው።

በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ምንድን ነው?

ብዙ ሰዎች በሚዲ ገመድ ውስጥ ድምፅ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። ይህ ከመሠረቱ የተሳሳተ ግምት ነው። በገመዱ ውስጥ የሚያልፉት ቁጥሮች ናቸው። ፒያኒስቱ በፒያኖው መካከል ያለውን «ዶ» ሲነካ ሦስት ቁጥሮች ተከታትለው ይወጣሉ። የመጀመሪያው «ኖታ ጀምር» የሚል ትእዛዝና ከ16ቱ ቻናሎች የየትኛው እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው የተነካው ቁልፍ ቁጥር ነው፤ ቁልፎች ከ0 እስከ 127 ሲቆጠሩ የመካከለኛው «ዶ» ቁጥር 60 ነው። ሦስተኛው ጣት ቁልፉን የመታበት ኃይል ሲሆን ይህም እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይገለጻል። ጣት ሲነሣ ደግሞ «ኖታ አቁም» የሚል ሌላ ትእዛዝ ይከተላል። በገመዱ ውስጥ በሰከንድ 31,250 ቢት ስለሚያልፍ አንዱ ትእዛዝ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ነው።

የገመዱ አሠራርም ሊታወቅ ይገባዋል። ክቡ መሰኪያ አምስት እግሮች ቢኖሩትም ለሥራው የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው። በተቀባዩ መሣሪያ ውስጥ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ አንዲት ትንሽ መብራት ያበራል፤ ከፊት ለፊቷ ያለው ብርሃን ለይቶ የሚያውቅ ክፍል ደግሞ ብልጭታውን ወደ ቁጥር ይመልሳል። በመሆኑም በገመዱ በኩል የአንዱ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም፤ ሁለቱ የሚነጋገሩት በብርሃን ነው። ይህም የተደረገው በድምፅ ማጉያው ላይ እምምታ እንዳይፈጠር ነው። የገመዱ ርዝመት ከ15 ሜትር እንዳይበልጥ የተወሰነውም ትእዛዙ በመንገድ እንዳይዳከም ነው።

ከኖታዎች ሌላ በገመዱ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ እርሱም የጊዜ ምት ነው። መሪ የሆነው መሣሪያ በእያንዳንዱ ሩብ ኖታ 24 የጊዜ ምት ይልካል። ከዚህም ጋር «ጀምር»፣ «አቁም»ና «ካቆምክበት ቀጥል» የሚሉ ትእዛዞች ይላካሉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው መሪው ለተመሪው «ፍጥነትህ 120 ነው» ብሎ ቁጥር የማይነግረው መሆኑን ነው። የሚለው «አሁን፣ አሁን፣ አሁን» ብቻ ነው። በደቂቃ 120 ሩብ ኖታ በሚሄድ ዜማ ይህ «አሁን» በሰከንድ 48 ጊዜ ይደገማል። መሪው ሲፈጥን ተመሪው ይፈጥናል፤ መሪው ሲዘገይ ተመሪው ይዘገያል። በማኅሌት የመቋሚያውን እንቅስቃሴ እያየ ከመሪው ጋር የሚሄድ ዘማሪ ፍጥነቱን በቁጥር እንደማይጠይቅ ሁሉ ተመሪ የሆነው ድራም ማሽንም የሚጠብቀው ቀጣዩን ምት ብቻ ነው።

መሰካት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ገመዱን ሰክቶ ቁልፍ መጫን ይበቃል የሚለው ወገን የሚጋለጠው በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ነው። ከፒያኖው «አውት» ሶኬት የወጣው ገመድ ከድራም ማሽኑ «ኢን» ሶኬት ሲገባ አንድም ዝምታ ይሆናል፤ አንድም ትርምስ ይሆናል።

ዝምታው የሚመጣው ከሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ገመዱ ድምፅ ስለማያመላልስ የድራም ማሽኑ ድምፅ በሌላ የድምፅ ገመድ ወደ ማጉያው ወይም ወደ ፒያኖው የድምፅ መግቢያ ካልተወሰደ አይሰማም። ሁለተኛ፣ ብዙ ዲጂታል ፒያኖዎች በቻናል 1 ሲናገሩ ብዙ ድራም ማሽኖች የሚያዳምጡት በቻናል 10 ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የጋራ የድምፆች ዝርዝር ለከበሮ የተመደበው ቻናል ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው በተለያየ ክፍል የሚነጋገሩ ሰዎች እንደማይሰማሙ ሁሉ ቻናላቸው ያልተስማማ መሣሪያዎችም አይግባቡም። ሦስተኛ፣ ሁለቱም መሣሪያዎች ተመሪ ሆነው ከተዘጋጁ ሁለቱም የሌላውን «አሁን» እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ሁለቱም መሪ ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይሄዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶች አብረው የነበሩት ቀስ በቀስ ይለያያሉ።

ትርምሱም እንዲሁ ምክንያት አለው። ቻናላቸው ከተስማማ በኋላ ድራም ማሽኑ ከፒያኖው የሚደርሰውን ኖታ ሁሉ የከበሮ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። በጋራ ዝርዝሩ መሠረት ቁጥር 36 ባስ ድራም፣ ቁጥር 38 ስኔር፣ ቁጥር 42 የተዘጋ ሃይሃት ነው። ቁጥር 36 በፒያኖው ላይ ከመካከለኛው «ዶ» ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚገኘው «ዶ» ስለሆነ ፒያኒስቱ በግራ እጁ ያንን ቁልፍ በነካ ቁጥር ባስ ድራሙ ሳይጠራ ይጮኻል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ድራም ማሽኑ ጊዜን ብቻ እንዲቀበልና ኖታን እንዳይቀበል ማድረግ፣ አለዚያም ቻናሎቹን መለየት ነው። የጊዜ ምት ቻናል ስለሌለው በቻናል መለያየት አይቋረጥም። ይህን የማያውቅ ሰው ግን መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ዲጂታል ፒያኖዎች ክቡን ባለ አምስት እግር ሶኬት ትተው የዩኤስቢ ሶኬት ብቻ ይዘው ይወጣሉ። የድራም ማሽኑም ሶኬት እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ማገናኘት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ሁለቱም እንግዶች ናቸውና አስተናጋጅ ይሻሉ። ኮምፒውተር ወይም ለዚሁ የተሠራ አገናኝ ሣጥን በመካከላቸው መግባት አለበት። አንዳንድ ትንንሽ ድራም ማሽኖች ደግሞ የሚዲ ትእዛዝን የሚቀበሉት በጆሮ ማዳመጫ ሶኬት መጠን በተሠራ ቀዳዳ ነው፤ የዚህ ሶኬት የሽቦ አሰላለፍ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ወጥ እንዲሆን ቢወሰንም ከዚያ በፊት የወጡት በሁለት ዓይነት አሰላለፍ ስለተሠሩ የተሳሳተ መለወጫ የገዛ ሰው ዝምታን ብቻ ያተርፋል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። መሣሪያ ከመግዛት በፊት የጀርባውን ሶኬት ማየት፣ ሶኬቱን ከማየት በፊትም ቋንቋውን ማወቅ ግድ ይላል።

ለሚረግሙት ወገኖች

«ማሽኑ ከበሮ መቺውን አባረረ» የሚሉ ወገኖች ያነሡት ሥጋት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በየሠርግ አዳራሹና በየምሽት ቤቱ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ብቻውን መቆሙ ለብዙ ከበሮ መቺዎች እንጀራ ማጣት ሆኗል። ይህን መካድ እውነትን መሸሽ ነው። ነገር ግን አምስት ሙዚቀኛ ከመቅጠር አንድ መቅጠር ይረክሳል ብሎ የወሰነው ገመዱ ነውን? ውሳኔው የሰው ውሳኔ ነው፤ መነሻውም የገንዘብ ስሌት ነው። የሰውን ውሳኔ በግዑዝ ሽቦ ላይ መጫን ጥፋተኛውን ነፃ አውጥቶ ምስክሩን ማሰር ይሆናል።

ከዚህም በላይ ማሽኑ በራሱ አንዲት ምት እንኳ አይፈጥርም። ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት ድራም ማሽን በውስጡ የያዘው ከእውነተኛ ከበሮ የተቀረጸ ድምፅ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሮላንድ 808 ደግሞ የከበሮን ድምፅ በኤሌክትሪክ ክፍሎች አስመስሎ ይሠራ ነበር። ሁለቱም ቢሆኑ ሰው ያላዘዛቸውን አይመቱም። 808 በመጀመሪያ ሲወጣ ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተነቅፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ምርቱ ቆሞ ነበር፤ ዳሩ ግን በርካሽ ከተሸጡበት ሱቆች ያነሡት ወጣት ሙዚቀኞች የራሳቸውን ምት ሲሰጡት ከዘመኑ ታዋቂ ድምፆች አንዱ ለመሆን በቃ። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው የመሪው እጅ ነው።

ከኢትዮጵያውያን ከያንያን መካከልም ግልጽ ምሳሌ አለ። ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ውስጥ ከበሮ መቺና ናስ ነፊዎች ባሉበት ሲጫወቱ የኖሩ ሙዚቀኛ ናቸው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ በዚያው ቀርተው እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ካሴት ለብቻቸው ቀረጹ። በካሴቱ ላይ የወጣትነታቸው መሣሪያ የሆነው አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከድራም ማሽን ጋር ይሰማል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አግኝቷል። አድማጩን የሳበው የማሽኑ ብልጠት አልነበረም። ማሽኑ ቀላል ምቱን እየደጋገመ ከኋላ ቆሟል፤ የሀገሩ ዜማ በአኮርዲዮን ላይ ከፊት ይሄዳል። ባንዱ በሌለበት፣ በስደት ሀገር፣ ማሽኑ ለከያኒው ድጋፍ ሆነ እንጂ ዜማውን አልቀማውም። ማን መሪ ማን ተመሪ እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ እዚያ ካሴት ላይ አለ።

ለሚያመልኩት ወገኖች

ከሚረግሙት ይልቅ የሚያመልኩት ወገኖች ያደረሱት ጉዳት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በሥራ ላይ ያሉት እነርሱ ናቸውና። እነዚህ ወገኖች ፋብሪካው በመሣሪያው ውስጥ ያስቀመጠውን ሪትም እንዳለ ወስደው የጎጃሙንም፣ የወሎውንም፣ የጉራጌውንም ዜማ ያስሩበታል። ዜማው በሪትሙ ልክ ካልሆነ ዜማውን ይቆርጡታል። እግር ለጫማ ሲባል የሚቆረጥበት አሠራር ይኸው ነው።

ለዚህ ድርጊት የሚቀርበው ምክንያት «መሣሪያው የተሠራው ለምዕራባውያን ሙዚቃ ስለሆነ ሌላ አይችልም» የሚል ነው። ይህ ምክንያት ከቁጥር ፊት ቀርቦ አይጸናም። የጊዜ ምቱ ቁጥር 24 ነው። 24 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8ና ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሩብ ኖታን ለአራት የሚከፍለው ለእያንዳንዱ ክፋይ 6 ምት ያገኛል፤ ለሦስት የሚከፍለው ደግሞ 8 ምት ያገኛል። የችክችካን ስድስት ምት ለመቁጠር ቢፈለግ ለእያንዳንዱ ስምንተኛ ኖታ 12 የጊዜ ምት ይደርሰዋል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 72 ይሆናሉ፤ ሦስት ሩብ ኖታም 72 ነው። አንዲትም ምት አትተርፍም፤ አንዲትም አትጎድልም። ገመዱ ለሁለትም ለሦስትም አከፋፈል እኩል የተዘጋጀ ነው።

ችግሩ ያለው ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ በ16 ደረጃ፣ ማለትም በአራት አራት ተከፍሎ መዘጋጀቱ ላይ ነው። ይህ ግን ሊለወጥ የሚችል ዝግጅት ነው። ብዙ ድራም ማሽኖች 16ቱን ደረጃ ወደ 12 ለማሳጠርና የደረጃውን አከፋፈል ወደ ሦስት ለመለወጥ ይፈቅዳሉ። 12 ደረጃ ሲሆን 1፣ 4፣ 7ና 10 ዋና ዋናዎቹ ምቶች ይሆናሉ፤ ወይም ለሁለት ተከፍሎ 1ና 7 ብቻ ይጎላሉ። በእነዚህ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል እየተወዛወዘ እስክስታ የሚያስወርደውን ምት ማስገባት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ይህን ከሰዓት በኋላ ያልሠዋ ባለሙያ «መሣሪያው አይችልም» ሲል የሚናገረው ስለ ራሱ ስንፍና ነው።

ሁለተኛው በደል የምት ኃይልን ማስተካከል ነው። ከበሮ ሰፊና ጠባብ ሁለት አፍ አለው፤ መቺው አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ እጁ እየመታ፣ አንዱን አጉልቶ ሌላውን እያሳሳ ያናግረዋል። ፋብሪካው ያስቀመጠው ሪትም ብዙውን ጊዜ ይህን ልዩነት አያውቅም። ዲጂታል ፒያኖ ግን ጣትን የሚለካ መሣሪያ ነው። ፒያኖው ከድራም ማሽኑ ጋር በገመድ በተያያዘ ጊዜ ምቱን በድራም ማሽኑ ቁልፎች ከማስገባት ይልቅ በፒያኖው ቁልፎች ቢያስገቡት፣ ማሽኑ የምት ኃይልን የሚቀበል ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ የጣቱ ጉልበትና ልስላሴ እስከ 127 በሚደርስ ደረጃ ይመዘገባል። በብዙ ማሽኖች ላይ ምቶችን ሁሉ ወደ ቅርቡ መስመር የሚስብ ራስ አስተካካይ ክፍልም አለ። ይህ ክፍል ካልተዘጋ የመቺው እጅ ሆን ብሎ ያዘገየውን ምት ስህተት ነው ብሎ ያርመዋል። ለማሽኑ ስህተት የመሰለው ያ መዘግየት ለአድማጩ የጨዋታው ለዛ ነው።

ሦስተኛው በደል የፍጥነት መድረቅ ነው። በማኅሌት ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲታለፍ ምቱ ደረጃ በደረጃ ይሞቃል። በዘፈንም ቢሆን ጨዋታው ሲደራ ጭብጨባው ይፋጠናል። ማሽኑን በአንድ ፍጥነት ቆልፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መንዳት ይህን ሁሉ ሙቀት ማጥፋት ነው። እዚህ ላይ አንድ በስፋት የተሠራጨ ስህተት መታረም አለበት። ብዙዎች ፒያኖው መሪ ከሆነ ፒያኒስቱ ሲፈጥን ድራም ማሽኑም አብሮ የሚፈጥን ይመስላቸዋል። አይፈጥንም። ፒያኖው የሚልከው የጊዜ ምት የሚመነጨው ከውስጥ ሰዓቱ ነው እንጂ ከፒያኒስቱ ጣት አይደለም። የውስጥ ሰዓት የሌላቸው ቀለል ያሉ ፒያኖዎች ደግሞ የጊዜ ምት ከነጭራሹ አይልኩም፤ በዚያን ጊዜ ሰዓት ጠባቂው ድራም ማሽኑ ራሱ መሆን አለበት። ስለዚህ ፍጥነት የሚለወጠው አንድ የሰው እጅ የመሪውን መሣሪያ የፍጥነት ማዞሪያ ሲይዝና ጨዋታውን እየሰማ ሲያዞረው ነው።

ያ እጅ የማን ይሁን? ሁለት እጁ በፒያኖ ቁልፎች ላይ የተያዘበት ፒያኒስት ሦስተኛ እጅ የለውም። ምት በደሙ ውስጥ ያለ፣ መቼ ማሞቅና መቼ ማብረድ እንደሚገባ ለዓመታት የተማረ አንድ ባለሙያ ግን አለ፤ እርሱም ከበሮ መቺው ነው። እንግዲህ የሚረግመው ወገን «ተባረረ» ያለው፣ የሚያመልከው ወገን ደግሞ «አያስፈልግም» ያለው ባለሙያ ገመዱ በትክክል ሲመረመር እጅግ የሚያስፈልግ ሰው ሆኖ ይገኛል። ምቱን ማስገባት ያለበት እርሱ ነው። የፍጥነት ማዞሪያውን መያዝ ያለበት እርሱ ነው። ካሴትም ሆነ ሌላ ቅጂ ሲወጣ ስሙ ሊጻፍ የሚገባው «ከበሮ» ከሚለው ቃል አጠገብ ነው።

ምን መደረግ አለበት?

ችግሩን መንቀፍ ብቻ የሐያሲ ሥራ አይሆንም። ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በተግባር ሊገለጽ የሚችል ነው።

የሙዚቃ መምህር ለተማሪው የመጀመሪያውን የሚዲ ትምህርት ሲሰጥ የድራም ማሽኑን ድምፅ ዘግቶ በገመዱ ውስጥ የሚያልፉትን ቁጥሮች ቢያስተምር ተማሪው ከመነሻው ትእዛዝንና ድምፅን ለይቶ ያውቃል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ሊሰጠው የሚገባው ልምምድ በአካባቢው ሲመታ የሰማውን አንድ ምት በ12 ደረጃ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። የፋብሪካው ሪትም ተማሪው የራሱን አሥር ምት ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ተዘግቶ ቢቆይ የሚቀርበት ነገር የለም፤ ከዚያ በኋላ ቢሰማው ግን አመዛዝኖ ይመርጣል።

የኪነት ቡድን ኃላፊ መሣሪያ ሲያስገዛ የዋጋውን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የጀርባውን ሶኬት ይመርምር፤ ፒያኖው የጊዜ ምት ይልክ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ማሽኑ 12 ደረጃ የሚቀበል መሆኑን፣ የምት ኃይልን የሚለይ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። በቡድኑ ውስጥ ያለውን ከበሮ መቺም ከማሽኑ ፊት ያስቀምጠው። ማሽኑን የማያውቅ ከበሮ መቺ ቢኖር ሊማር ይችላል፤ ምት የማያውቅ ማሽን ግን አይማርም።

ከያኒው ደግሞ ከሁሉ በላይ ኃላፊነት አለበት። ከያኒ በመሣሪያው ይታወቅ የነበረበት ዘመን አልፎ መሣሪያውን በሚመራበት መንገድ የሚታወቅበት ዘመን ደርሷል። አንድ ዓይነት ፒያኖና አንድ ዓይነት ድራም ማሽን በሺህ ከተሞች ይሸጣሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሪትምም በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ያንኑ የሚያሰማ ከያኒ ለአድማጩ የሚያቀርበው ሱቅ ውስጥ ያለውን ነው። የሕዝቡን ምት ሰምቶ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ በገመዱ አሳልፎ የሚያሰማ ከያኒ ግን ፋብሪካው የማያውቀውን ለፋብሪካው መሣሪያ ያስተምረዋል። ቋንቋው በእጁ ነው፤ ቁጥሩም ይበቃዋል። የቀረው በመሪነት መቀመጥ ብቻ ነው።